ትንሽ ቴሌስኮፕ የሚበቃቸው ጥንድ ኮከቦች

የዛሬው ዝግጅታችን ትንሽ ቴሌስኮፕ ላላቸው፣ ለመግዛት ለሚያስቡና በትምህርት ቤታቸው መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰ ቴሌስኮፕ ላለባቸው መምህራንና ተማሪዎች ነው። ቴሌስኮፕ የሌላችሁም ከእኛ ጋር ቆዩ፤ የመጀመሪያውን ጥንድ የምናየው በባዶ ዓይን ነውና።

ሰው ቴሌስኮፕ ሲያገኝ መጀመሪያ ጨረቃን ያያል። ቀጥሎ ጁፒተርንና አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቹን፣ ከዚያም የሳተርንን ቀለበት ያያል። ይህን ከጨረሰ በኋላ በመጽሐፍ ላይ ያያቸውን ባለቀለም የጋዝ ደመናዎችና ጋላክሲዎች ፍለጋ ይነሳል። አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ መሃል ቆሞ የሚያገኘው ግን ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ነው፤ የመንገዱ መብራት ውጦበታል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ጨርቅ የሚያለብሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ ወደ ጥንድ ኮከቦች ዙሩ። የከተማ መብራት ደብዛዛውን ጋላክሲ ያጠፋል እንጂ ደማቁን ኮከብ አያጠፋም። ጨረቃ ሙሉ ብትሆንም አታግዳችሁም። ጥንድ ኮከብ ከጨለማ ይልቅ የረጋ አየር ይፈልጋል። ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለኝ። በዚህ መስክ የትንሽ ቴሌስኮፕ ባለቤት አይቶ ተደንቆ ብቻ አይመለስም፤ ለክቶ፣ ለሳይንስ የሚጠቅም ቁጥር ያስረክባል። ይህን ወደ ኋላ ላይ በደንብ እናየዋለን።

ከመጀመሬ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ወራቱና ሰዓቱ ግን የእኛው ናቸው።

በሚያዝያና በግንቦት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። የታላቁ ድብ ሰባት ደማቅ ኮከቦች እጀታው የረዘመ ጭልፋ ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ። ከእጀታው ጫፍ ሁለተኛው ኮከብ ሚዛር ይባላል። ትኩር ብላችሁ እዩት፤ ከጎኑ ደከም ያለ ሌላ ኮከብ አለ። እሱ አልኮር ነው። ጤናማ ዓይን ሁለቱን ይለያቸዋል። አሁን ቴሌስኮፑን ወደ ሚዛር አቅኑ። አልኮር ወደ ዳር ሲርቅ ሚዛር ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ በዓይን አንድ የመሰለን ኮከብ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ይበቃል። የጋሊልዮ ወዳጅና ተማሪ የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ ይህን አይቶ መምህሩ እንዲመለከተው ጠይቆ ነበር፤ ጋሊልዮም በ1617 ተመልክቶ መዝግቦታል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1889 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፒከሪንግ የሚዛርን ብርሃን በቀለማቱ ተንትኖ ሲመረምር፣ ከሁለቱ ደማቁ ራሱ ሁለት ኮከብ መሆኑ ተገለጠ። እነዚያን ሁለቱን ማንም በእኛ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሊለያቸው አይችልም፤ በጣም ተጠጋግተዋል። ዛሬ የሚዛር ሁለቱም ኮከቦች እያንዳንዳቸው ጥንድ መሆናቸው፣ አልኮርም የራሱ ደካማ ጓደኛ እንዳለው ይታወቃል። ሁሉም ከእኛ በ80 የብርሃን ዓመታት አካባቢ ርቀት ላይ ናቸው። በባዶ ዓይን ሁለት ያልናቸው እንግዲህ ስድስት ሆኑ ማለት ነው።

ሁለት ኮከቦች ጎን ለጎን ስለታዩ ግን ጎረቤታሞች ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆኖ፣ ከምድር ስናያቸው በአጋጣሚ በአንድ አቅጣጫ ሊገጥሙ ይችላሉ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ ጥንዶች ሁሉ እንዲህ ያሉ የዓይን ማታለያ እንደሆኑ ያስቡ ነበር። በ1767 ጆን ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በስሌት ተነስቶ ተቃወመ። ኮከቦች በሰማይ ላይ እንዲሁ በዘፈቀደ ተበትነው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ተጠጋግተው የሚታዩ ጥንዶች ባልኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ በእርግጥ አብረው ያሉ መሆን አለባቸው አለ። ትክክል ነበር። ማረጋገጫውን ያመጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

ዊሊያም ኸርሼል ጀርመን አገር ተወልዶ በእንግሊዟ ባዝ ከተማ የሚኖር ሙዚቀኛ ነበር። ቀን ኦርጋን ይጫወታል፣ ሙዚቃ ያስተምራል፤ ሌሊት በገዛ እጁ አለስልሶ በሠራው መስታወት ሰማይን ይመለከታል። በ1779 ጥንዶችን አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመረ። ሐሳቡ የኮከቦችን ርቀት ማግኘት ነበር። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርቡ ኮከብ ከሩቁ አንጻር ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለት አለበት፤ ይህን ከለካሁ ርቀቱን አገኛለሁ አለ። በ1782 ያወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር 269 ጥንዶች ነበሩት። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምርላችሁ፤ በመጋቢት 1781 ኸርሼል ፕላኔት ዩራኑስን ያገኘው ይህንኑ የጥንድ ኮከብ ቆጠራ እያካሄደ ሳለ ነው። ከኮከቦቹ መካከል አንዱ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ ታየውና ቆም ብሎ አጣራ።

የፈለገውን ርቀት አላገኘም። ከሃያ ዓመታት በላይ ከጠበቀ በኋላ፣ በ1803 ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አስታወቀ። ካስተርን የመሳሰሉ ጥንዶች አቀማመጣቸው ተለውጦ አግኝቷቸው ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየዞረ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የኒውተን የስበት ሕግ ከፀሐይና ከፕላኔቶቿ ውጭ እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ርቀቱም ቢሆን ኋላ ከጥንድ ኮከብ ነው የመጣው። በ1838 ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ኮከብ ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ ለክቶ ሲያሳውቅ የመረጠው 61 ሲግኒ የተባለውን ጥንድ ነበር፤ ከእኛ 11 የብርሃን ዓመት ተኩል ገደማ ይርቃል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ኮከብ ስንት ይመዝናል? ብርሃኑን አይተን ሙቀቱን እናውቃለን፤ ርቀቱን ካወቅን ምን ያህል እንደሚያበራ እናውቃለን። ክብደቱን ግን ብቻውን የቆመ ኮከብ በቀላሉ አይነግረንም። ክብደቱ የሚታወቀው ሌላውን ምን ያህል እንደሚስብ ሲታይ ነው። ስለዚህ ስለ ኮከቦች ክብደት የምናውቀው ነገር መሠረቱ ጥንዶች ናቸው። ስሌቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው፤ እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

አልፋ ሴንታውሪን እንውሰድ፤ በባዶ ዓይን ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ለፀሐያችን ቅርቡ ነው፣ 4.4 የብርሃን ዓመት ገደማ። በቴሌስኮፕ ሁለት ሆኖ ይታያል። አንዱ ሌላውን ለመዞር 80 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በመካከላቸው ያለው አማካይ ርቀት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት 23 እጥፍ ተኩል ነው። 23.5ን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዙ፤ 12,978 ገደማ ይመጣል። 80ን በራሱ አባዙ፤ 6,400 ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሁለቱ ኮከቦች ተደምረው ሁለት ፀሐይ ያህል ይመዝናሉ ማለት ነው። ሕጉ የኬፕለር ነው፤ ኒውተን ምክንያቱን ሰጠው። በዚህ ስሌት ውስጥ ከተመልካች የሚጠበቁት ሁለት ልኬቶች ናቸው፤ ኮከቦቹ ምን ያህል ተራርቀዋል፣ ዙሩንስ በስንት ዓመት ይጨርሳሉ። ሁለቱም ሰው በየዓመቱ እየተመለከተ ሲጽፍ የሚገኙ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በሰማይ ላይ ርቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ 60 ሰከንድ ተብሎ ይከፈላል፤ የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃና ሰከንድ። የማዕዘን አንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደምታንስ ለማወቅ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተቀምጦ እያያችሁት ነው ብላችሁ አስቡ። የጥንድ ኮከብ ዓለም ይህ ነው። የሚዛር ሁለት ኮከቦች በ14 ሰከንድ ስለሚራራቁ ቀላል ናቸው። ሁለት ሰከንድ ሲሆን ከባድ ይሆናል።

አንድ ቴሌስኮፕ እስከ ምን ድረስ መለየት እንደሚችል የሚወስነው ርዝመቱ ወይም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማጉላት ቁጥር አይደለም፤ የፊት ሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ዶውዝ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ጥንዶችን ተመልክቶ ያወጣው ደንብ ዛሬም ይሠራል። 116ን በሌንሱ ስፋት፣ በሚሊ ሜትር፣ አካፍሉ። 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው እስከ 1.9 ሰከንድ፣ 114 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው እስከ 1 ሰከንድ፣ 150 ሚሊ ሜትር ያለው እስከ 0.8 ሰከንድ ገደማ ይለያል። ይህ ሁለቱ ኮከቦች በድምቀት ሲቀራረቡ ነው። አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ደካማ ከሆነ ደንቡ አይረዳም፤ ደማቁ ደካማውን ይሸፍነዋል። ማጉላትን በተመለከተ፣ የሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ እዩና ከእጥፉ አትለፉ። 60 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቴሌስኮፕ 120 ጊዜ ማጉላት ጣሪያው ነው። ካርቶኑ ላይ 500 ወይም 600 ጊዜ ያጎላል ተብሎ ቢጻፍም የሚጨምረው ብዥታ ብቻ ነው። ኮከብ በትክክል የተስተካከለ ቴሌስኮፕ ውስጥ ትንሽ የጠራች ክብ ነጥብ ሆኖ፣ ዙሪያዋን ቀጭን የብርሃን ቀለበት ከቧት ይታያል። ይህን ካያችሁ መሣሪያችሁም አየሩም ደህና ናቸው።

አየሩ እጅግ ወሳኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። ኮከቦች ከመጠን በላይ በሚርገበገቡበት ምሽት ከላይ ያለው አየር እየተናወጠ ነው፤ ያን ቀን ሰፋ ሰፋ ያሉትን ጥንዶች ብቻ ተመልከቱ። ቴሌስኮፑን ከቤት አውጥታችሁ ወዲያው አትጠቀሙ። ሙቀቱ ከውጭው ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት፣ ትልቅ መስታወት ከሆነ አንድ ሰዓት ጠብቁት። ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ በረንዳ ከመሸ በኋላ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ በዚያ ሙቀት ላይ አሻግሮ የሚያይ ሰው ኮከቡ ሲዋኝ ነው የሚያየው። ሣር ላይ ቁሙ፤ የጎረቤት ጣራ ከመስመራችሁ ውጭ ይሁን። ኮከቡም ከፍ እስኪል ታገሡ፤ ከአድማስ አጠገብ ያለ ኮከብ ብርሃኑ ወደ እኛ የሚደርሰው ብዙ አየር ሰንጥቆ ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር አቀማመጥ እጅግ ያስደስተኛል። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት ተራራው ለከተማው ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም። ከምድር ወገብ ስለማንርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ለእኛ ክፍት ነው። ለንደን ያለ ሰው አልፋ ሴንታውሪን በሕይወቱ ሙሉ ከደጁ ሆኖ አያይም። ኬፕታውን ያለ ሰው ሚዛርን ከአድማስ ሥር ሲፈልግ ይኖራል። በግንቦት ምሽት ግን አዲስ አበባ ላይ ሚዛር በሰሜን 44 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል ሥር ያለው ደማቅ ኮከብ አክሩክስ 18 ዲግሪ ከፍ ብሎ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። አክሩክስም ጥንድ ነው። በ1685 ኢየሱሳውያን መነኮሳት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲጓዙ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ አርፈው ነው ጥንድነቱን ያወቁት። ሁለቱ ደማቆቹ በ4 ሰከንድ ገደማ ይራራቃሉ፤ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አየሩ ሲረጋ ይለያቸዋል። አርባ ምንጭና ሞያሌ ያላችሁ አድማጮች በዚህ ትቀድሙናላችሁ፤ ለእናንተ ደቡቡ ከፍ ይላል። መቀሌና ጎንደር ያላችሁ ደግሞ ሚዛርን ከእኛ በተሻለ ታዩታላችሁ።

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ላይ ቀና በሉ። አልቢሬዮን ፈልጉ፤ የሲግነስ ኅብረ ኮከብ ራስ ላይ ያለው ኮከብ ነው። ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ሁለቱ ኮከቦቹ በ34 ሰከንድ ስለሚራራቁ ማንኛውም ቴሌስኮፕ ይለያቸዋል። አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። ለልጆች የመጀመሪያውን ጥንድ የማሳየው ሰው እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ፤ ኮከቦች ሁሉ ነጭ አለመሆናቸውን ያለ አስተማሪ ያያሉ። ወርቃማው ላይኛው ገጹ ከ4,000 ዲግሪ ብዙም ያልዘለለ፣ ሰማያዊው ከ12,000 ዲግሪ በላይ የሚግል ነው። ሁለቱ በእርግጥ ይዞራሉ ወይስ በአንድ አቅጣጫ የገጠሙ ናቸው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በጥርና በየካቲት የበጋው ሰማይ ሲጠራ የኦሪዮን ኅብረ ኮከብ ከፍ ብሎ ይቆማል። ወገቡ ላይ ከተሰለፉት ሦስት ኮከቦች ለምዕራብ ቅርብ የሆነው ሚንታካ ነው። 53 ሰከንድ ያህል ርቆ ደከም ያለ ጓደኛ አለው፤ ያም ጓደኛ ከእሱ በትክክል ወደ ሰሜን ነው። ይህን ኮከብ አትርሱት፤ መለኪያ ስንጀምር መምህራችን እሱ ነው። ከታች ያለው ደማቁ ሪጄል 9 ሰከንድ ተኩል ገደማ ላይ፣ ከራሱ 400 ጊዜ በላይ የሚደክም ጓደኛ ይዟል። 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ መጀመሪያ አይታያችሁም ይሆናል። የዓይን ሌንሱን ወደ 100 ማጉላት ከፍ አድርጉና ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ፤ ከሪጄል ነጸብራቅ ጥግ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቅ ትላለች።

ሪጄልን ያየ ሰው ለሲሪየስ ተዘጋጅቷል። የሲሪየስ ታሪክ ትንሽ ጊዜ ይገባዋል። በሰማይ ላይ እጅግ ደማቁ ኮከብ ነው። ያው ቤሰል በ1844 የሲሪየስን ጉዞ ሲመረምር ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አየ፤ ወዲህና ወዲያ ይላል። የሚጎትተው የማይታይ ጓደኛ አለው ብሎ ደመደመ፤ ሳያየውም ሞተ። በጥር 1862 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሌንስ ሠሪው አልቫን ክላርክ ልጅ፣ አልቫን ግራሃም ክላርክ፣ 47 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ሌንስ ለመሞከር ወደ ሲሪየስ አቀናው። ከጎኑ ደካማ ነጥብ ነበረች። ቤሰል የተናገራት ያቺው ነበረች። በ1915 ዋልተር አዳምስ ብርሃኗን ሲተነትን ሞቃትና ነጭ መሆኗን አገኘ። ሞቃት ሆና ይህን ያህል ደካማ ከሆነች ትንሽ መሆን አለባት፤ ክብደቷ ደግሞ ከጥንዱ ዙር ይታወቃል፣ ፀሐይን ያህላል። የፀሐይ ክብደት ምድርን በምታህል ኳስ ውስጥ ታጭቋል። ከእሷ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቢወሰድ በአማካይ ከሁለት ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ መኖሩን የሰው ልጅ ያወቀው ጥንድ ኮከብ ሲለካ ነው።

ይህችን ነጥብ ማየት ለትንሽ ቴሌስኮፕ ከባዱ ፈተና ነው፤ ሲሪየስ ከእሷ ወደ 10,000 ጊዜ ገደማ ይደምቃል። ግን ዘመኑ የእኛ ነው። ዙሩ 50 ዓመት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለቱ ከ11 ሰከንድ በላይ ተራርቀዋል፣ ከዚህ በኋላ ግን ይቀራረባሉ። አገሩም የእኛ ነው። ለንደን ላይ ሲሪየስ ከ22 ዲግሪ አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ላይ 64 ዲግሪ ይወጣል። የአውሮፓ ተመልካቾች ለዓመታት የሚታገሉበትን ኮከብ እኛ ከወፍራሙ አየር በላይ እናገኘዋለን። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ያላችሁ ሞክሩት። በየካቲት፣ ገና ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ጀምሩ፤ የምሽቱ ብርሃን የሲሪየስን ነጸብራቅ ያለዝበዋል። ጓደኛዋ ያለችው በስተምሥራቅ ነው። ቴሌስኮፑን አቁማችሁ ሲሪየስ በራሱ ጊዜ ከእይታችሁ ክብ እንዲወጣ ብትተዉት፣ እሱ በወጣና እሷ ገና ባልወጣችበት ከአንድ ሰከንድ በታች በሆነ ጊዜ ልትታያችሁ ትችላለች።

በመጋቢት ኸርሼል የተማረበት ካስተር አለ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በ2 ሰከንድ ገደማ ተጠጋግተው የነበሩት ሁለቱ ኮከቦች ዛሬ ከ5 ሰከንድ በላይ ተለያይተዋል። በግንቦት ከአናታችን አጠገብ ፖሪማ የተባለው ጥንድ አለ። በ2005 ትልልቅ ቴሌስኮፖች እንኳ የሚቸገሩበት 0.4 ሰከንድ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሰከንድ በላይ ስለሆነ ለትንሹ ሁሉ ተከፍቷል።

አሁን ቃል ወደገባሁት ጉዳይ፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ለሳይንስ ወደሚሰጠው ጥቅም። ሸርበርን ዌስሊ በርንሃም በቺካጎ ፍርድ ቤት የችሎት ቃል በአጭር ጽሕፈት የሚመዘግብ ሰው ነበር። ቀን ሥራው ላይ ይውላል፤ ሌሊት ከአልቫን ክላርክ በገዛው 15 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ይመለከታል። በዘመኑ ብዙዎች፣ ከታላላቆቹ የሰማይ ታዛቢዎች በኋላ ለትንሽ ቴሌስኮፕ የቀረ አዲስ ጥንድ የለም ብለው ያስቡ ነበር። በርንሃም በ1873 ከዚያችው መሣሪያ 81 አዳዲስ ጥንዶችን ይዞ ቀረበ፤ በመጨረሻ በ15 ሴንቲ ሜትሯ ብቻ ያገኛቸው 451 ደረሱ። በ1906 ያሳተመው ዝርዝር 13,665 ጥንዶችን ይዟል። ዓይኑ ልዩ ነበር ይሉታል። እኔ ግን በየሌሊቱ ተመልሶ መቀመጡ ይበልጥብኛል።

ዛሬ የዓለም ጥንዶች መዝገብ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ታዛቢ ጣቢያ ይያዛል፤ ከ150,000 በላይ ጥንዶች አሉት። ብዙዎቹን ለረጅም ዓመታት ዳግም የለካቸው ሰው የለም። የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በሰከንድ የተለካ ርቀትና ከደማቁ ተነስቶ ደካማው ያለበት አቅጣጫ። አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ በምሥራቅ በኩል በዲግሪ ይቆጠራል።

እንዴት ይለካል? ውስጡ መስመርና ዲግሪ የተቀረጸበት የዓይን ሌንስ ይሸጣል፤ ቴሌስኮፑ ላይ የሚገጠም ትንሽ ካሜራም ይሆናል። መለኪያውን ማረም ግን በሚንታካ ነው። ሚንታካ ከምድር ወገብ በላይ በሚያልፈው የሰማይ ወገብ ላይ ስለሆነ፣ ቴሌስኮፑ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም በእያንዳንዱ የሰዓት ሰከንድ 15 የማዕዘን ሰከንድ ይጓዛል። የስልካችሁን የሰዓት መቁጠሪያ ይዛችሁ የእይታውን ክብ በመሃሉ አቋርጦ ለመውጣት 2 ደቂቃ ከፈጀበት፣ የክባችሁ ስፋት 30 የማዕዘን ደቂቃ ነው። በተቀረጸው መስመር ላይም እንዲሁ አድርጉ፤ አንዷ ክፍል ስንት ሰከንድ እንደሆነች ይወጣላችኋል። ኮከቡ የሚሸሽበት አቅጣጫ ምዕራብ ነው። ደካማው ጓደኛ ለዚያ ጉዞ ቀጥ ብሎ በሰሜን በኩል ከተቀመጠ አቅጣጫ አለካካችሁ ትክክል ነው።

ለአንድ ጥንድ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ለኩ፤ በሌሎች ምሽቶችም ድገሙ፤ አማካዩን ውሰዱ። ደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን ስፋት፣ ማጉላቱን፣ የአየሩን ሁኔታ ጻፉ፤ ሥዕልም ሣሉ። መጀመሪያ ልካቸው በደንብ የታወቁ ጥንዶችን ለኩና ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ከተስማማችሁ ወደማይታወቁት እለፉ። የተማሪዎችንና የአማተሮችን ልኬት ተቀብሎ የሚያትም፣ ጆርናል ኦፍ ደብል ስታር ኦብዘርቬሽንስ የተባለ መጽሔት አለ። አንድ የሳይንስ ክበብ በአንድ የበጋ ወቅት ለዚህ የሚበቃ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መለኪያ የሌላችሁ በሥዕል ጀምሩ፤ አልፋ ሴንታውሪን ውሰዱ። በግንቦት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ከደቡብ መስቀል በስተግራ ካሉት ሁለት ደማቅ ኮከቦች ከመስቀሉ የሚርቀው ነው። በ2016 ወደ 4 ሰከንድ ጠብበው የነበሩት ሁለቱ ኮከቦች ከዚያ ወዲህ እየሰፉ መጥተዋል። በ2035 በምህዋራቸው ላይ እርስ በርስ እጅግ ይቀራረባሉ፤ በዚያ ጊዜ አቅጣጫቸው ከዓመት ዓመት በግልጽ ይለወጣል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ክብ ሣሉ፤ ምዕራቡን በቀስት ምልክት አድርጉ፤ ሁለቱን ኮከቦች በመሃሉ አስቀምጡ። ቀኑን ጻፉበት። ትምህርት ቤት ካላችሁ ደብተሩ የክበቡ ይሁን፤ የዘንድሮ ተማሪዎች ሲመረቁ ለሚቀጥሉት ይተላለፋል። ዙሩ 80 ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰዎች ይደርሳቸዋል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የዓይን ሌንስ አመራረጥንና የመስታወት ቴሌስኮፕን በቤት ውስጥ ማስተካከልን እናያለን።